«እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል»፦ ሁለተኛው እልፍ ስንት ነው?

ናዝሬት ልጅ
ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚህ አዳማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ካፌ፣ ዓርብ ዓርብ ማታ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር አለ። ባለፈው ዓርብ ዙሮቹ ሁሉ በቁጥር የተሰየሙ ነበሩ። በ11 ዙር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር መጣ፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዛትም መጣ። ሁለቱንም መለስን። እንዲያውም አበበ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑን ጨምረን ተናግረን ተጨበጨበልን። በ318 ዙር የኒቅያ ሊቃውንት መጡ። እሱንም አለፍን።

የወደቅነው በመጨረሻው፣ በትልልቅ ቁጥሮች ዙር ነው። ጥያቄው «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል በሚለው ተረት ቁጥሩ የትኛው እልፍ ነው? ስንትስ ነው?» የሚል ነበር። «ሁለተኛው፣ 10,000» ብለን ጻፍን። ካርዱ ሲገለበጥ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሁለተኛው፣ 1,000» ይላል፤ ከሥሩም ሁለቴ ተሰምሮበታል። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

እኔን የከነከነኝ ግን ነጥቡ አይደለም። ነፍሷን ይማረውና አያቴ ጉሊት ትሸጥ ነበር። ፀሐይ ሲበረታባት ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝ ሽንኩርቷን ከነማዳበሪያው እየጎተተች ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ትልና «እልፍ ሲሉ እልፍ ይገኛል» ትለን ነበር። ያኔ የምታስበው የተቆጠረ ቁጥር ነው ወይስ «ብዙ» ማለቷ ብቻ ነው? ይኸው ነው ጥያቄዬ።

ዘቅኔ
10,000 ነው። የሚያከራክር የለውም። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 90 ላይ «ወእልፍ በየማንከ» የሚለውን ሺህ ጊዜ ብሎታል። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ «በቀኝህም አሥር ሺህ» ይላል። ግእዝ ለሺህ የራሱ ነጠላ ስም አላበጀለትም፤ ዐሠርቱ ምእት ነው የሚለው፣ አሥር መቶ ማለት ነው። ካላመናችሁ ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን መቁጠሪያ ተመልከቱ፤ 2000 የሚጻፈው ፳፻ ተብሎ ነው፣ ሃያ መቶ። የመቶ መቶ ሲሞላ ግን ስምም ምልክትም ያገኛል፤ ስሙ እልፍ፣ ምልክቱ ፼።

ካርድ አዘጋጅ
ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልሱን ከሜዳ አላነሣሁትም። በዐረብኛ አልፍ 1,000 ነው፤ በዕብራይስጥ ኤሌፍ 1,000 ነው። እልፍ የእነሱ ወንድም ነው፤ ወንድማማቾች በዋጋ አሥር እጥፍ ይለያያሉ ብሎ የሚያሳምነኝ ካለ ዛሬውኑ እታረማለሁ።

የሰፈር እህት
ወንድሜ፣ ዐረብኛው ላይ ልክ ነህ። ቁርኣን ውስጥ ለይለቱል ቀድር የምትባለው የረመዳን ሌሊት «ሚን አልፊ ሸህር» ትበልጣለች ሲባል ከሺህ ወር ማለት ነው፤ ይህን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ቀርተነዋል። ግን አንተ የጠየቅከው የአማርኛ ተረት ነው። የጎረቤትን ሚዛን አምጥተህ የእኛን ጤፍ አትሰፍርም። እዚሁ አዳማ እኛ ቤት በኦሮምኛ ሺህ ስንል ኩማ ነው የምንለው፤ ለማንም ወንድም ሳይሆን ሥራውን ይሠራል።

ዘቅኔ
እኅቴ፣ ተባረኪ። ካርድ አዘጋጅ፣ ወንድማማቾች አሥር እጥፍ መለያየታቸውን የሚያሳይ ጥቅስ ይኸውልህ። 1ኛ ሳሙኤል 18፥7፦ «ሳኦል ሺህ ገደለ፥ ዳዊትም እልፍ ገደለ»። ዕብራይስጡ ለሳኦል የሰጠው ያንኑ የአንተን ኤሌፍ በብዙ ቁጥር ነው፤ ለዳዊት የሰጠው ደግሞ ሌላ ቃል፣ ረባባ የሚባለውን፣ አሥር ሺህ ነው። የእኛ ሰዎች ለትልቁ እልፍን መረጡ። እልፍ ሺህ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ እኩል ወጡ ማለት አይደለምን? ታዲያ ሳኦል በምን ተቆጣ? በሚቀጥለው ቁጥር እኮ ራሱ ቆጥሮታል፤ ለዳዊት እልፍ፣ ለእኔ ሺህ ብቻ ሰጡኝ ብሎ ነው የከፋው።

ካርድ አዘጋጅ
ይህ ከባድ ነው። ላስብበት።

ጀበና
እናንተ ከውጭ ታመጣላችሁ እንጂ ነገሩ እዚሁ ቤታችን ነው። ሁለቱም እልፍ «አለፈ» ከሚለው የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው እልፍ ማለት፣ ፈቀቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ከመቆጠር ያለፈ ማለት ነው። ስለዚህ 1,000ም 10,000ም አይደለም፤ ጣት የማይደርስበት ነው። እልፍኝም ከዚያው ነው፤ ከደጁ አልፈው የሚገቡበት ክፍል። ሥሩ አንድ፣ ቅርንጫፉ ሦስት።

ዘቅኔ
ልጄ ጀበና፣ እንዲህ ያለውን ቅኔ ቤት ብትናገር የኔታ ዳግመኛ ፊደል ያስቆጥሩህ ነበር። «አለፈ» በግእዙ ኀለፈ ነው፤ በብዙኃኑ ኀ። የቁጥሩ እልፍ በአልፋው አ ነው የሚጻፈው። ኀ እና አ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ድምፃቸውም የተለያየ ነበር። በአማርኛ ኀው ላልቶ «አለፈ» ሲሆን ነው ሁለቱ አንድ ቤት የገቡት። ሥራቸው አንድ ቢሆን ኖሮ ግእዙ ቁጥሩንም «ኅልፍ» ይለው ነበር። አላለውም።

ጀበና
አባቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ጠያቂው ያነሣው የአያቱን አነጋገር ነው። እኚያ እናት ማዳበሪያቸውን እየጎተቱ ስለ ኀ እና ስለ አ አላሰቡም። የሰሙት በጆሯቸው ነው። በጆሮ ደግሞ ሁለቱ እልፎች አንድ ናቸው። ተረቱ የጣፈጠው እንዲያውም ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ባይገጣጠሙ ማን ይለው ነበር? «ፈቀቅ ሲሉ አሥር ሺህ ይገኛል» ብላችሁ ሞክሩት።

ዘቅኔ
ይህን ተቀብያለሁ፤ ደግሞም ደስ ብሎኛል። የተናገርከው ነገር በእኛ ቤት ስም አለው፤ ኅብር ይባላል። አንድ ድምፅ፣ ሁለት ምሥጢር። ኅብር የሚሠራው ግን ሁለቱ ቃላት የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ሥራቸው አንድ ከሆነ ድግግሞሽ እንጂ ኅብር አይሆንም። ስለዚህ የተረቱን ውበት ይዘህ በመጣህ ጊዜ የእኔን ክርክር አጸናህልኝ።

ጡረተኛ መምህር
ለረጅም ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁና አንድ ነገር ልጨምር። የግእዝ አኃዞች መልካቸው ከግሪክ ፊደላት የመጣ ነው። ፩ አልፋ ነው፣ ፪ ቤታ ነው፣ ፻ ደግሞ በግሪክ መቶ የሚቆጠርበት ሮ ነው። ፼ን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ሁለት ፻ ተጣብቀው ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በወረቀት አሥላቸው ነበር፤ መጀመሪያ ፻፣ ከጎኑ ሌላ ፻፣ ከዚያ አናታቸውንና እግራቸውን በአንድ መስመር ማሰር። በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል፤ መቶ ጊዜ መቶ።

ግሪኮችም ለ10,000 ለብቻው ስም አላቸው፤ ሚሪያስ ይሉታል። ያው ቃል፣ አጠራሩ ትንሽ ተለውጦ፣ «ስፍር ቁጥር የሌለው» ማለትም ነው። ልክ እንደ እልፍ። እንግዲህ የእኔ ግምት፦ ቃሉን ከሴም ዘመዶቹ ወሰድን፣ ደረጃውን ከግሪኩ አቆጣጠር። ሺህ «አሥር መቶ» ተብሎ ሲያልፍ እልፍ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወጣ። ይህ የእኔ የግል ሐሳብ ነው፤ በልቤ ከያዝኩት ቆይቷል።

የሰፈር እህት
መምህር፣ የወረቀቱን ነገር ዛሬ ማታ ከልጆቼ ጋር እሞክረዋለሁ።
ግን ሺህን ዝም ብላችሁ አትለፏት። «ስምንተኛው ሺህ» ሲባልስ? ዘመኑ ሲከፋ ሁሉም ሰው «ስምንተኛው ሺህ ነው» ይላል። እዚያ ውስጥ ያለችው ሺህ የእውነት ሺህ ናት ወይስ እሷም «ብዙ» ናት?

ዘቅኔ
የእውነት ሺህ ናት፤ የተቆጠረች። ከዓለም መፈጠር እስከ ጌታ ልደት 5,500 ዘመን፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ይደመራል። 1500 ዓ.ም. ሲፈጸም 7,000 ሞላ፤ ስምንተኛው ሺህ በ1501 ገባ። እኛ የምንኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ምሬቱን ሲገልጽ ይናገራት እንጂ ስሌቷ የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር ናት። ያው ሰው ደግሞ «እልፍ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ሲል ማንም ቁጭ ብሎ አልቆጠረም። ልዩነቱን እዩ፤ ሺህ ስትቆጠር ኖራለች፣ እልፍ ከሰማይ ሠራዊት ጋር ኖሯል። ዳንኤል 7፥10 «እልፍ አእላፋትም በፊቱ ቆመው ነበር» ይላል። ማን ይቆጥራቸዋል?

ጀበና
እንግዲህ አሁን ወደ እኔ መጡ! «ከመቆጠር ያለፈ» አላልኩም?

ዘቅኔ
በትርጉም መጣሁ፤ በሥር አልመጣሁም። ሁለቱን አትቀላቅል።

ካርድ አዘጋጅ
አስቤበታለሁ። የሳኦል ቁጣ አሸነፈኝ። ካርዱን ቀድጄ አዲስ ጽፌያለሁ፤ «ሁለተኛው፣ 10,000»። የፊታችን ዓርብ መጀመሪያ ላይ፣ ማይክራፎኑን እንደያዝኩ፣ ለናዝሬት ልጅና ለጓደኞቹ ነጥቡን እመልሳለሁ፤ በአቻ ውጤት ይመዘገባል። በቁጥር ዙር ስህተት መጻፍ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሥራ ውሎ ደክሞ መጥቶ፣ ማኪያቶውን እያቀዘቀዘ ተከራክሮ የደረሰበትን መልስ እኔ በተሳሳተ ካርድ መሻር የለብኝም።
አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ጀበና ያነሣው እልፍኝ ከየትኛው ነው? ለሚቀጥለው ዙር ልጽፈው ነበር፤ አሁን ፈራሁ።

ጡረተኛ መምህር
በነገሥታቱ ግቢ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹመት ነበር፤ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን። ሥራው ራሱ «አልፎ መግባት»ን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ከ«አለፈ» ጋር የሚያያይዘው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ጀበና
መምህር፣ እድሜ ይስጥልኝ!

የሰፈር እህት
እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ የሰማሁት፣ እልፍ ሰው የሚያስተናግድ ሰፊ አዳራሽ ስለሆነ ነው ሲሉ ነው። እልፍኝ ግን አዳራሽ አይደለም እኮ፤ የጌታው የግል ክፍል ነው። እልፍ ሰው ይቅርና እልፍ ጤፍም አይገባበትም።

ዘቅኔ
እልፍ ጤፍ እንኳ በአንድ እፍኝ ይገባል፣ እኅቴ። ግን ነገርሽ እውነት ነው፤ በቁጥሩ የሚተረጉሙት ሰዎች አዳራሽንና እልፍኝን ለይተው አያውቁም። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኝ»ስ? እሷን ሳትፈቱ ማንም ወደ ሥሩ እንዳይሄድ። ስም ላይ ስትገባ ምን ታደርጋለች? ማን ምሳሌ አለው?

ናዝሬት ልጅ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለነጥቡም ካርድ አዘጋጅን። ትናንት ማታ ለእናቴ የሳኦልን ነገር ስነግራት፣ አያቴ ያንን ተረት የምትለው የት እንደነበር አስታወሰችኝ። ከጣቢያው አጥር ሥር፣ ከአንዲት ግራር ጥላ ወደ ሌላዋ ስትሸጋገር። መንገደኛ ከባቡር የሚወርደው በወዲያኛው በኩል ነበርና፣ አሥር እርምጃ እልፍ ስትል ሽንኩርቷ ያልቅላት ነበር።
ግን እስካሁን አልመለሳችሁልኝም። ለእሷ እልፉ 10,000 ነበር ወይስ «ብዙ»?

ጀበና
እመለስበታለሁ ወንድሜ። በመጀመሪያ ለዘቅኔ የ«ኝ»ን ምሳሌ ልስጥ፦ ዋነኛ፣ ፈረሰኛ...

ዘቅኔ
እነዚያ «ኛ» ናቸው፣ «ኝ» አይደሉም። እንደገና።