የሙዚቃ መሣሪያ ሶፍትዌር፦ በየወሩ መክፈል ወይስ አንዴ ገዝቶ መገላገል?

ሳቢያን_ትራክ

ሰላም ለቤቱ። ድሬ፣ ሳቢያን ላይ ለምትከፈት ትንሽ ስቱዲዮ የድምፅ ላይብረሪ (በኮምፒውተር የሚጫወት የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ስብስብ) መረጣ ላይ ነኝ። ሥራው በአብዛኛው የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የሶማልኛ ዘፈን ቅንብር ነው፤ አልፎ አልፎ ሰርግ ላይ ከላፕቶፕ በቀጥታ መጫወትም አለ።

ያለው ዕቃ፦ ኮር አይ5 ላፕቶፕ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። የምቀርጽበት ሪፐር ነው። የሚያስፈልገኝ ደህና ፒያኖ፣ ስትሪንግስና ብራስ፣ ቤዝ፣ ሲንት፤ ከተገኘም ክራርና ማሲንቆ።

አንደኛው መንገድ በወር 20 ዶላር ግድም እየከፈሉ ሙሉውን ካታሎግ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ዋና ዋናዎቹን ለይቶ መግዛት። ክራክ (ላይሰንሱ የተሰበረ ኮፒ) አልፈልግም፣ እሱን አታንሱብኝ። ማወቅ የምፈልገው፦ ክፍያው ሲቋረጥ የተሠራው ፕሮጀክት ምን ይሆናል? ኢንተርኔት ሲጠፋስ ይከፈታል? በዶላር ካርድ በየወሩ መክፈሉስ ያዛልቃል?

---

ከዚራ_ሚክስ

አቦ፣ ዋጋውን ከማነጻጸርህ በፊት ማውረጃውን አስላ። እዚህ እኛ ጋ ነገሩን የሚወስነው እሱ ነው።

ኪስኬፕ የሚባለው የፒያኖና የኪቦርድ ላይብረሪ ሙሉው 77 ጊጋ ነው። ኢንተርኔትህ ሳይቆራረጥ 10 ሜጋቢት ቢሰጥህ 17 ሰዓት ይወስዳል፤ 5 ሜጋቢት ከሆነ 34 ሰዓት። የስፒትፋየር ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ትልቁ እትም፣ ፕሮ የሚባለው፣ 600 ጊጋ አካባቢ ነው፤ በ10 ሜጋቢት ቀንና ሌሊት ሲወርድ አምስት ቀን ተኩል። ስለዚህ «ሙሉው ካታሎግ ይከፈትልሃል» የሚለው ማስታወቂያ ለሎንዶን ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ከካታሎጉ የምታወርደው ሦስት ወይም አራት ዕቃ ነው፤ የቀረውን ሳትነካው ትከፍልበታለህ። የመጀመሪያው ወር ደግሞ ግማሹ በማውረድ ያልቃል፣ ክፍያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ነው የሚቆጥረው።

256 ጊጋህ ዊንዶውሱንና ፕሮጀክቶችህን ከያዘ ሌላ አይችልም። 1 ቴራ የውጭ ኤስኤስዲ ያዝ፣ ገመዱም ወደቡም ዩኤስቢ 3 ይሁን። ተሽከርካሪ ዲስክ ላይ ላይብረሪ ካስቀመጥክ ብዙ ድምፅ ባንዴ ሲጠራ ይቆራረጣል። ዲስኩን ኤንቲኤፍኤስ አድርገህ ፎርማት አድርገው። አብዛኛው ዲስክ ከፋብሪካ በኤክስፋት ነው የሚመጣው፤ ኤክስፋት የሚጻፈውን ነገር አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል የለውም። በማውረድ መሃል መብራት ድርግም ሲል ፋይሉ ብቻ ሳይሆን የማህደሩ ማውጫም ሊበላሽ ይችላል። ላይብረሪው ታሽጎ ወርዶ የሚፈታ ከሆነም ለጊዜው የመጠኑን እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ «ዲስክ ሞላ» ብሎ 95 ከመቶ ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። በወር 20 ማለት በዓመት 240፣ በሦስት ዓመት 720 ዶላር ነው። ከዶላሩ ይልቅ የብሩን ጉዳይ አትርሳ፦ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ከመቀየሩ በፊት አንዱ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ኩባንያው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ወርሃዊው ክፍያ በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አንዴ የገዛ ሰው ይህ አይነካውም። ለዘፈን የጠየቅከውን ዋጋ ግን በየወሩ ከምንዛሪው ጋር ከፍ ዝቅ ልታደርገው አትችልም።

ግዢም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ስታይንበርግ የተባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያ ኢላይሰንሰር የሚባለውን የድሮ የላይሰንስ ማረጋገጫ አገልግሎት ግንቦት 2017 ላይ ዘግቶታል፤ በጊዜው ወደ አዲሱ አሠራር ያልተዛወረ ላይሰንስ ችግር ውስጥ ገባ። ዌቭስ የተባለው ሌላ የሙዚቃ ሶፍትዌር ኩባንያም መጋቢት 2015 ላይ (በእነሱ 2023) «ከእንግዲህ በኪራይ ብቻ» ብሎ አስታውቆ ነበር፤ ደንበኛው ሲጮህበት በቀናት ውስጥ ሽያጩን መለሰ። የገዛኸው ነገር ዕድሜ የሚያጥረው በአብዛኛው ዊንዶውስ ወይም ማክ ሲቀየር ነው። በነገራችን ላይ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 2018 ላይ አብቅቷል። ወደ 11 የምትሄድ ከሆነ ምንም ላይሰንስ ሳታስገባ መጀመሪያ እሱን ጨርስ፤ ኋላ ዳግም ስትጭን አንድ አክቲቬሽን (ላይሰንሱን ኮምፒውተር ላይ የማንቃት ዕድል) በከንቱ ይበላብሃል።

ደግሞ 8 ጊጋ ራም ላይ ትልቅ ላይብረሪ መግዛት ትንሽ ሙዳይ ላይ ዝሆን መክተት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ራሙን 16 አድርገው።

---

ጀጎል_ሚዲ

ከሐረር ሰላም። «ክፍያው ሲቋረጥ ፕሮጀክቱ ምን ይሆናል» ላልከው፦ ፕሮጀክቱ ይከፈታል፣ የሚዲ ኖታዎቹም (የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚመዘግቡት) በቦታቸው አሉ፣ ድምፁ ግን የለም። ፕለጊኑ (ሪፐር ውስጥ ገብቶ ድምፁን የሚያወጣው ፕሮግራም) ወይ ጭራሽ አይጫንም፣ ወይ «ላይሰንስ የለም» ብሎ ዝም ይላል። ድምፃዊው ከዓመት በኋላ «ሁለተኛውን ስንኝ ቀይርልኝ» ብሎ ሲመጣ ያኔ ነው ጉዱ የሚታየው።

መፍትሔው ብትከራይም ብትገዛም ያው ነው፤ እያንዳንዱን ትራክ ወደ ኦዲዮ ማውጣት። ሪፐር ላይ እንዲህ ነው፦

ትራኮቹን ሁሉ ምረጥ፣ ሬንደር (ወደ ኦዲዮ ማውጫው) ውስጥ ገብተህ ምንጩን «ስቴምስ፣ የተመረጡ ትራኮች» አድርገው። ልኩ ሙሉ ፕሮጀክት፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ዌቭ። ማብቂያው ላይ 5 ሰከንድ ጅራት ጨምርበት፣ አለዚያ የሪቨርቡ (የማስተጋባቱ) ጭራ ይቆረጣል። ሁሉም ትራክ ከመጀመሪያው ባር ይጀምር፤ ከመሃል የሚጀምር ፋይል በኋላ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ከዚያ ሚዲውን ለብቻ አውጣ፣ ቴምፖውንና የእያንዳንዱን ድምፅ የፕሪሴት ስም የትራኩ ማስታወሻ ላይ ጻፍ። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ስቴሪዮ ትራክ 69 ሜጋ ነው፤ 20 ትራክ 1.4 ጊጋ አይሞላም። ፍላሽ ላይ ይገባል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሪቨርብና ዲሌይ ያለበትን ብቻ ያወጣል። ደረቁንም አብረህ አውጣ፣ አለዚያ ሚክሱን ስትቀይር የድሮው ሪቨርብ ተጣብቆ ይቀርብሃል። ሁለተኛ፣ ስትሪንግስና ከበሮ ኖታ በተደጋገመ ቁጥር ናሙና (የተቀረጸውን ድምፅ) ይቀያይራሉ፤ ዛሬ የወጣውና ነገ የሚወጣው አንድ አይነት ላይሆን ይችላል። ደንበኛው የሰማውንና የወደደውን በዚያው ዕለት አውጣ።

የሪፐር «ፍሪዝ»ም አለ፤ ትራኩን ኦዲዮ ያደርገዋል፣ የፕለጊኑን ሁኔታ ግን ውስጡ ያስቀምጣል። ኪራዩን እንደገና ስትከፍል «አንፍሪዝ» ብለህ ወደ ሚዲው ትመለሳለህ። ለ8 ጊጋ ራምም እፎይታ ነው። ደግሞ በድሬ ሙቀት ላፕቶፕ ሲግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፣ ድምፁ ይንጫጫል፣ ሰው ፕለጊኑን ይረግማል። ጀርባውን ከፍ አድርገህ አየር ስጠው፣ ስትሚክስ በፈሩን (ድምፁ ከመሰማቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) 512 አድርግ፣ ከባድ ከባዱን ፍሪዝ አድርግ።

---

ቀፊራ_ላይቭ

ሰርግ ላይ ለሚከፈት ነገር ኪራይ አይሆንም፣ በቃ። ግድ ከሆነ ደግሞ ከሰርጉ ሁለት ቀን በፊት ዋይፋዩንም ዳታውንም አጥፋ፣ ላፕቶፑን ዝጋና ዳግም አስነሳ፣ ሁሉንም ድምፅ አንድ በአንድ ከፍተህ ተጫወት። ያልተከፈተው አዳራሽም ውስጥ አይከፈትም።

አይሎክ የሚባለውን የላይሰንስ መቆለፊያ የሚጠይቅ ከሆነ ሦስት መንገድ አለው፦ ክላውድ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ፣ ወይም የዩኤስቢ ቁልፉ። ክላውዱ ኢንተርኔት ያለማቋረጥ ይፈልጋል፤ ለመድረክ እርሳው። ኮምፒውተሩ ላይ ካደረግከው ዊንዶውስ ከመቀየርህ በፊት ላይሰንሱን ወደ አካውንትህ መልሰህ አንሳ፤ ሳታነሳ ዲስኩን ካጠፋኸው ከድጋፍ ክፍል ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ነው። የዩኤስቢ ቁልፉ ይሻላል፤ ግን ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ትንሽ ነገር ነው።

---

ሳቢያን_ትራክ

አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። የክራርና የማሲንቆ ላይብረሪ ስፈልግ «ለኮንታክት» (ላይብረሪ ለሚከፈትበት ፕሮግራም) የሚል አየሁ። ነፃው ኮንታክት ፕሌየር ይበቃዋል?

---

ከዚራ_ሚክስ

ከመክፈልህ በፊት ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብብ። «ሙሉ ኮንታክት ያስፈልጋል» ካለ ነፃው ፕሌየር 15 ደቂቃ ብቻ አጫውቶህ ይዘጋል። የሙሉው መደበኛ ዋጋ 299 ዶላር ነው። በ40 ዶላር የገዛኸው ክራር 339 ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ቅናሽ ከጠበቅክ ኅዳር ላይ ነው፣ ብላክ ፍራይዴይ የሚሉት።

ለጀመርከው ሥራ ግን አንድም ሳትከፍል መነሳት ትችላለህ። ለስትሪንግስና ብራስ የቢቢሲ ኦርኬስትራ ትንሹ እትም፣ ዲስከቨር፣ 200 ሜጋ አካባቢ ነው፤ በሞባይል ዳታ ይወርዳል። ለሲንትና ቤዝ ሰርጅ ኤክስቲና ቫይታል። ገንዘብህን ፒያኖ ላይ አውጣ፦ ፒያኖቴክ ድምፁን ከናሙና ሳይሆን በስሌት ስለሚሠራው የሚጫነው ወደ 50 ሜጋ ብቻ ነው፣ ላይሰንሱም ሦስት ኮምፒውተር ይፈቅዳል። አንዳንዱ ሰው ድምፁ «ብርጭቆ ብርጭቆ ይላል» ይላል፤ ዘፈን ውስጥ ግን ከከበሮና ቤዝ ጋር ማንም አይለየውም። ሪፐርስ 60 ዶላሩን ከፍለህለታል? የ60 ቀን ነፃ ሙከራው ካለፈም ስለሚከፈት ብዙ ሰው ይረሳዋል።

---

ጀጎል_ሚዲ

ክራሩን አትግዛ፣ ቅረጸው። ድሬ ላይ ክራር የሚጫወት ሰው አታጣም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የአንድ ኦክታቭ ክልል ላይ በየሙሉ ድምፁ አንድ ኖታ ያዝ፤ ከላይኛው ዶ ጋር 7 ኖታ ይሆናል። መሃል ላይ ያለው ግማሽ ድምፅ ከጎረቤቱ ይሳባል፣ አይሰማም። አንዱን ናሙና ከሁለት ግማሽ ድምፅ በላይ ከሳብከው ግን ክራሩ መጫወቻ ይመስላል። ክሩንም ከልኩ በላይ አላልተህ አትቅረጽ፣ ይረግባል። እያንዳንዱን ኖታ በቀስታ፣ በመካከለኛና በኃይል፣ እያንዳንዱንም ሦስት ሦስት ጊዜ፤ 63 ፋይል ይሆናል። ሞኖ፣ 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ አራት አራት ሰከንድ ከሆነ ሁሉም ተደምሮ 36 ሜጋ አካባቢ ነው። የሌሎቹን ክሮች መርገብገብ በእጅ ያዝ፣ አለዚያ እያንዳንዱ ናሙና የሌላውን ኖታ ይዞ ይገባል። ቬንቲሌተሩን አጥፋ፣ ላፕቶፑንም ከማይኩ አርቅ።

ከዚያ ነፃው ዲሰንት ሳምፕለር ላይ ትደረድረዋለህ። ሦስቱን ድግግሞሽ በዙር እንዲጠራቸው አድርግ፤ አንዱን ብቻ ከተጠቀምክ ፈጣን ምት ላይ መትረየስ ይሆናል። ቅኝቱ ከኪቦርዱ ጋር ካልገጠመ፣ አንቺሆዬ ላይ በተለይ፣ ሰርጅ ኤክስቲ የስካላ ፋይል (የቅኝት ልክ የሚጻፍበትን) ስለሚቀበል ሲንቱን ወደ ክራሩ ማምጣት ይቻላል፤ ክራሩን ወደ ሲንቱ አትጎትት።

ማሲንቆን ግን ተው። ጣት ክሩ ላይ ሲንሸራተትና ቀስቱ ሲመለስ ያለው ነገር በናሙና አይያዝም። ተጫዋቹን ጥራና ክፈለው።

---

መጋላ_ቢት

ሁላችሁም ኪራይን ረገማችሁት፣ ትንሽ ልከራከር። አንድ የማስታወቂያ ወይም የፊልም ሥራ መጥቶ ለአንድ ወር ትልቅ ኦርኬስትራ ካስፈለገ፣ ብዙ መቶ ዶላር አውጥቶ ከመግዛት የአንድ ወር ኪራይ ይረክሳል። ዋጋውን ደንበኛው ሂሳብ ውስጥ አስገባው፣ በጀጎል_ሚዲ መንገድ ሁሉንም አውጣና ዝጋ። ብቻ «ወርሃዊ» የሚለው በእርግጥ ወርሃዊ መሆኑን እይ። አንዳንዱ የዓመት ውል ሆኖ በየወሩ የሚከፈል ነው፤ በሁለተኛው ወር ስትወጣ የቀሪውን ይጠይቅሃል።

ሦስተኛ መንገድም አለ፦ እየተከራዩ የራስ ማድረግ። ስፕላይስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ እንደ ሴረም ያሉ ሲንቶችን በወር 10 ዶላር ግድም እየከፈልክ ዋጋው ሲሞላ ላይሰንሱ ያንተ ይሆናል። ካርድ ላይ ዶላር ሲጠፋ ማቆምና በኋላ ካቆምክበት መቀጠል ይቻላል፤ የከፈልከው አይጠፋም። ለኛ አገር የካርድ ሁኔታ ይሄ ይስማማል።

ስለ ካርዱ ካነሳን፦ ኪራይ በራሱ ጊዜ ስለሚቆርጥ ካርዱ ላይ ሂሳብ ከሌለ ክፍያው ይመለስና ላይሰንሱ ይቆለፋል፤ ሁልጊዜም ሥራ በበዛበት ሰሞን ነው የሚሆነው። ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ብቻ የሱ ይሁን። አካውንቱ በአንተ ኢሜይል ይከፈት፣ ሴሪያሉም በስምህ ይመዝገብ። በዘመድ ኢሜይል የተመዘገበ ላይብረሪ፣ ኮምፒውተር በቀየርክ ቁጥር ሌሊት ቶሮንቶ ደውለህ «ኮድ መጥቶልሃል ወይ» ማለት ነው።