ጊታር እንዲገዙልኝ ቤተሰቦቼን እንዴት ላሳምን?

ጥያቄ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ 10ኛ ክፍል ነኝ። ቦክስ ጊታር ግዙልኝ ብዬ አባዬ «ከትምህርትህ ያዘናጋሃል» አለኝ። እማዬ ደግሞ ጩኸቱን ፈርታለች። ያገለገለ የሚሸጥ አግኝቻለሁ፤ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ 1፦ አቦ፣ አባትህ ስለ ብር አላነሱም እኮ! የፈሩት ለትምህርትህ ነው፤ መልስህም እሱን ይንካ። መጀመሪያ ጊታር ተውሰህ አንድ ወር ተለማመድ፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ብቻ። ውጤትህ ካልወረደ ያኔ ጠይቅ። «ፈተና ሲደርስ አንተ ቆልፍበት» ብትላቸው ደግሞ ቁልፉ በእጃቸው ነውና ይቀላቸዋል። ከቀትር በኋላ በዚያ ሙቀት ግን ወሬውን እንዳታነሳው፤ ማታ ነፈስ ሲል ይሻላል።

መልስ 2፦ የኔ ልጅ፣ እናትህ ጋደም በሚሉበት ሰዓት ቀጭን ጨርቅ አጣጥፈህ ክሮቹ ከሚታሰሩበት እንጨት አጠገብ፣ ከክሮቹ ስር ሰካ። ድምፁ ይታፈናል፣ ጣትህ ግን ይለማመዳል።

መልስ 3፦ ስለ ዕቃው፦ አንገቱን ከጭንቅላቱ በኩል አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ተመልከት፤ ከተጣመመ ተወው። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ክሩ ከብረቱ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ጣትህን ያሳምምሃል፣ ጀማሪ የሚያቆመውም በዚህ ነው። አንዱን ክር አንገቱ ላይ ሳትጫነው ምታ፣ ከዚያ 12ኛው ላይ ተጭነህ ምታ፤ ያው ድምፅ ቀጥኖ መምጣት አለበት። ካልመጣ መጀመሪያ ክሩን አዲስ አስቀይረህ ሞክር፤ አሁንም ከሳተ አሠራሩ ነው፣ ብትቃኘው አይስተካከልም።

ጠያቂ፦ የብረት ክር ነው ያለው። ጭንቅላቱ ላይ ግን ሁለት ረጃጅም ክፍተቶች አሉ፣ ክሮቹም እንጨቱ ላይ በቋጠሮ ነው የታሰሩት።

መልስ 3፦ እንግዲያው ለናይለን ክር የተሠራ ጊታር ነው፣ የብረቱ ክር ያለቦታው ነው የገባው። የብረት ክር ወደ እጥፍ በሚጠጋ ጉልበት ስለሚስብ ያንን እንጨት ከሆዱ ይገነጥለዋል። ቀጭን ወረቀት ከእንጨቱ ስር አስገባ፤ ከገባልህ መላቀቅ ጀምሯል፣ አትግዛ። ካልገባ፣ አንገቱም ቀጥ ያለ ከሆነ፣ የናይለን ክር ሙሉ 6ቱን እንዲቀይርልህ ተደራደር። ስትወስደው ቀትር ላይ የቆመ ባጃጅ ውስጥ አትተወው፤ ሙጫው በሙቀት ይለቃል።