የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ፦ አንቀጽ 3 ላይ እንነጋገር

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። አንቀጽ 1 እና 2 አልቀዋል፤ አልመለስባቸውም። የቀረን አንቀጽ 3 ነው። አሁን እንዲህ ይላል፦ «በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሰጥ ማንኛውም ውሳኔ በሰው ይረጋገጥ።» እስቲ የሚታያችሁን ወዲህ በሉ።

የሶፍትዌር ባለሙያው፦
«ማንኛውም» ይውጣልኝ። አይፈለጌ ኢሜይል ለሚለይ ማጣሪያ ሁሉ ሰው ልናቆም ነው? እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ ግዴታውን የሚያከብደው እንደ አደጋው መጠን ነው። ቅጥርና ብድር ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ይመደባሉ። እኛም በዚያው ብንሄድ ይሻላል።

የሠራተኞች ጉዳይ ተጠሪዋ፦
ይሁን። እኔን የከነከነኝ ግን «በሰው ይረጋገጥ» የሚለው ነው። ኔዘርላንድስ የሆነውን አስታውሱ። የግብር መሥሪያ ቤቱ በሕፃናት መዋያ ድጎማ ላይ አጭበርባሪ ለመለየት ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓት ነበረው። የሌላ አገር ዜጋ መሆን ራሱ ነጥቡን ከፍ ያደርገው ነበር። ሰው አልነበረበትም እንዳትሉ፤ ነበረበት። ፋይሉን የሚያየው ሠራተኛ ግን ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም። በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለጥፋታቸው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። መንግሥትም በዚሁ ጣጣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2021 ሥልጣን ለቀቀ። ማኅተም መምታት ብቻ የሚችል ሰው ምን ይረባል?

ሰብሳቢ፦
እውነትሽን ነው እህቴ። እንዲህ ብንለውስ፦ «ቅጥርን፣ ብድርን፣ ድጎማንና ሕክምናን የሚመለከት ውሳኔ፣ ምክንያቱን ማየት በሚችልና ለመሻር ሥልጣንም ጊዜም ባለው ሰው ይታይ። ስንቱ እንደተሻረም ይመዝገብ።»

የሶፍትዌር ባለሙያው፦
የመጨረሻዋ ተመችታኛለች። ዓመቱን ሙሉ አንድም ያልሻረ ሰው ካለ፣ ወይ ማሽኑ እንከን የለውም ወይ ሰውየው አያነብም። (እንከን የሌለው ማሽን ደግሞ አላጋጠመኝም።)

አንጋፋ አባል፦
ልጆች፣ ተጠያቂውም ይጻፍ። የኤር ካናዳ ቻትቦት (ለደንበኞች ጥያቄ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም) ለአንድ መንገደኛ ስለ ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ነበር። አየር መንገዱ ሲከሰስ ቻትቦቱ ለራሱ ኃላፊ ነው ብሎ እስከመከራከር ደረሰ! እ.ኤ.አ. በ2024 ተፈርዶበት ካሳ ከፈለ እንጂ።

ጸሐፊ፦
እሺ ጋሼ፣ እሱን ለብቻው አንቀጽ 4 አደርገዋለሁ። ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ መያዝ ይከብደናል ያሉትስ?

የሠራተኞች ጉዳይ ተጠሪዋ፦
ብድር የተከለከለ ሰው፣ ከልካዩ ትንሽ ሆነ ትልቅ ምን ይለውጥለታል? ጊዜ ይሰጣቸው፤ ነፃ ግን አይውጡ።

ጸሐፊ፦
የአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ብዬ አስገባለሁ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ድምፅ እንሰጥበታለን።