እናቴ «ማሽን ላይ እንዳታደርጉኝ» ያለችውን በወረቀት ማጽናት ፈልጌ

ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው የምንኖረው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰሯ ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል። ኪሞውን አራተኛው ዙር ላይ በራሷ ፈቃድ አቆመች፤ አሁን የምትወስደው የሚጠጣ ሞርፊን ብቻ ነው። አእምሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል።

ባለፈው እሁድ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ «ሲብስብኝ መተንፈሻ ማሽን ላይ እንዳታደርጉኝ፤ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ልሙት» አለች። ታላቅ ወንድሜ «ሟርት ነው!» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። ሆስፒታል ሁሌ የሚፈርመው ደግሞ እሱ ነው።

ቃሏን ጻፍኩ፣ ፈረመች፣ ሁለት ጎረቤቶችም ፈረሙ። ተረኛው ሐኪም አየት አድርጎ «እኛ የምንቀበለው ቤተሰብ የሚፈርመውን ነው» አለኝ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለው ራፖር ጸሐፊ ደግሞ «ኑዛዜ አድርጉት፣ አራት ምስክር አምጡ» አለ። ኑዛዜ እኮ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው! እሷ የምትለው ነፍሷ ሳትወጣ ስላለው ጊዜ ነው።

የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 አንብቤያለሁ፤ ሰው በማንኛውም ጊዜ ሕክምናን እምቢ ማለት ይችላል ይላል። ግን ራሷን ስታ ስትተኛ እምቢታዋን ማን ይናገርላት?

የሕክምና ወይም የሕግ ባለሙያ የሆናችሁ፣ ቃሏ ከሕክምና ካርዷ ጋር ተያይዞ ተረኛ ሁሉ እንዲያየው፣ የወንድሜም ፊርማ እንዳይሽረው፣ ወረቀቱን በምን መልክ አዘጋጅተን ማን ፊት እናስፈርማት?