ነገ ጠዋት ልታይ ነው፣ መርጃ መሣሪያዬን ዝናብ በላው!

ጀማሪዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ልምምድ ላይ ነኝ፤ ነገ 3 ሰዓት ላይ ሱፐርቫይዘሬ ክፍል ገብቶ ሳስተምር ሊያየኝ ነው። ካርቶን ላይ የሠራሁት የፊደል ገበታ ከታክሲ ስወርድ ዝናብ መታው። ቀለሙ ወርዶ ለ እና ሰ ተደባልቀዋል፣ ካርቶኑ እንደ ተፈተፈተ እንጀራ ሆኗል። ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ሥራ ለመጨረሻ ቀን አይተውም። ሙያው እንደ ድሮው ልጅ መጠበቅ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን 2 ዓመት አድርጎታል። እኛ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የለየነው በስንጥር እየጠቆምን ነው፣ ካርቶን የሚባል አልነበረም።

ጀማሪዋ፦
ጋሼ፣ ሳምንት ሙሉ ስሠራው ነው የሰነበትኩት 😭

ቆርኪ፦
ቆርኪ! ከሰፈር ግሮሰሪ ለምኚ። ውስጡ ወረቀት ለጥፈሽ ፊደል ጻፊበት።

የሁለት ልጆች እናት፦
ስንት ዓመታቸው ነው? ስንት ናቸው? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንርዳሽ?

ጀማሪዋ፦
5 ዓመት። 52 ናቸው። ትምህርቱ ለ፣ ሰ፣ በ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሦስት ፊደል በአንድ ቀን? በዚያ ላይ 52 ልጅ! ከኋላ የተቀመጠው ያንቺን ካርቶን ምኑን ያየዋል? ዝናቡ ውለታ ነው የዋለልሽ። አንዱን ፊደል ያዢ፣ ውጪ አውጥተሽ መሬት ላይ በጣታቸው ይጻፉት።

ጀማሪዋ፦
ዕቅዱ ተፈርሞበታል እኮ፣ መቀየር አልችልም።

ወሬኛው፦
ሱፐርቫይዘሩንም ዝናብ እንዲያስቀረው ጸልዪ 😂 ካልሆነ ልጆቹን ራሳቸውን ፊደል አድርጊያቸው። እግሩን ከፍቶ የቆመ ልጅ ለ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው ትከሻ ለትከሻ ሲያያዙ በ።

ቆርኪ፦
ቆርኪ ይሻላል። ለቁጥርም ይሆናል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ቆርኪ አፋቸው ውስጥ ቢገባስ?

ቆርኪ፦
5 ዓመት ነው ብላለች እኮ!

ሦስተኛ ዓመት፦
ቤት ውስጥ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ የለም? ስፌቱን ተርትሪና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ሲደርቅ በቾክ አስምረሽ በማርከር ጻፊበት። ላይና ታች እንጨት አስገቢበት፣ ተጠቅልሎ ይያዛል። ለልምምድ የሠራሁት እስካሁን አለ። የወሬኛውንም ሐሳብ አትናቂው፣ እኔን ያየኝ መምህር ከቻርቱ ይልቅ ልጆቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ነበር የሚጽፈው።

ጡረተኛው፦
ማዳበሪያው ጥሩ ነው። ፊደሉን ግን አወፍሪው፣ ልጄ። ቀጭን ጽሑፍ ከሩቅ አይታይም።

ወሬኛው፦
ጀማሪዋ፣ 5 ሰዓት ሆነ። ማዳበሪያ አገኘሽ ወይስ ተኛሽ?

አዲስ ገቢ (ከ2 ሳምንት በኋላ)፦
ሰላም፣ ማዳበሪያ ላይ የማይለቀው የትኛው ማርከር ነው? የእኔ ሐሙስ ነው።