«ልብ ግዛ» እና «ራስህን ግዛ»፦ መግዛቱ አንድ ነው?

ቃል ለቃሚ (ሀዋሳ)፦
ሲጋራ ስለማቆም የሚያወራ በራሪ ወረቀት እየተረጎምኩ ነው። «willpower» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «የፈቃድ ኃይል» ብዬ ለባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ ባነብለት «የምን ፈቃድ? መንጃ ፈቃድ?» አለኝ። እሱ ካቆመ ዓመት አልፎታል። እንዴት ቻልከው ስለው «አንጀቴን አስሬ ነዋ!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። የቱን ልጻፍ?

የሐይቅ ዳር፦
ጎረቤትህ እውነቱን ነው። በግዕዝ ፈቀደ ማለት ፈለገ፣ ወደደ ነው፤ አባታችን ሆይ ላይ «ፈቃድህ» የምንለው በዚሁ ፍቺ ነው። የዛሬው አማርኛ ፈቃድ ግን ከሌላ ሰው የሚገኝ ሆኗል፦ የዓመት ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ። ሲጋራ ለመተው ማንን ታስፈቅዳለህ? «ራስን መግዛት» በለው፤ ገላትያ 5፥23ም የሚለው ይህንኑ ነው።

ቃል ለቃሚ፦
እሱንማ አስቤው ነበር፤ መግዛት ሲባል ግን ገበያ ይመጣብኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ «ልብ ግዛ!» ስትለኝ ሥጋ ቤት የተንጠለጠለው ነበር የሚታየኝ።

ጡረተኛዋ መምህርት፦
ልጄ፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር ነው የመጡት፤ በግዕዝ ጌታ ማለት የሆነው «እግዚእ»ም ከዚያው ነው። ዕቃ ብትገዛም አገር ብትገዛም በእጅህ አስገባህ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ልብ የገዛ ሰው ትናንት ያልነበረውን አገኘ፤ ራሱን የገዛ ግን የነበረውን አደብ አስያዘ። ለዚህ ነው ለሚያጠፋ ልጅ «ልብ ግዛ» የምንለው። ሲበስል ደግሞ «ምራቁን የዋጠ» ይባላል፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፣ ጠባይ ሆኖ የተቀመጠ ነው።

«አንጀቴን አስሬ» ሌላ ነው። እጦት አለበት። በጾም ቀን በአሞራ ገደል፣ በሀዋሳው የዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ጥብስ እየሸተተህ ስታልፍ አንጀትህን ታስራለህ (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አትክፈቱብኝ)። የሰደበህን ሳትመልስለት ስታልፍ ግን ራስህን ገዛህ።

የሐይቅ ዳር፦
«ቁርጥ አድርጎ ተወ»ስ?

ጡረተኛዋ መምህርት፦
እሱ የመጀመሪያው ቀን ነው። ማግስቱን አይነግርህም።

ቃል ለቃሚ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ርዕሱን «ራስን መግዛት» አድርጌ አሁን አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀና «ይሄስ ይገባል፤ አንጀቷንም ግን እንዳትተዋት» አለኝ።