ጆሮው ለደከመ አባት የሚሆን የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ ጠቁሙኝ

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ልጅ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ አካባቢ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፍቷል። እኛን ያሳደገን በዚያች ማሽንና በአንድ ትልቅ መቀስ ነው። መቀሱን ደግሞ ማንም አይነካበትም ነበር። በመቀሱ ወረቀት የቆረጠ ልጅ ወዮለት! ወረቀት መቀስ ያደነዝዛል።

አሁን እቤት ነው። እጁ ደህና ነው፣ ዓይኑም በመነጽር ደህና ነው። ጆሮው ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ጮኸን ካልነገርነው አይሰማም። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ከፍተን ስንስቅ ፊታችንን እያየ ፈገግ ይላል። ምን እንዳሳቀን ግን አያውቅም። ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላኛል።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሚስተር ቢን ትዝ አለኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሸዋ በር ካሴት የሚያከራይ ቪዲዮ ቤት ነበር። ዴክ ያላቸው ጎረቤታችን ብቻ ስለነበሩ ቅዳሜ ማታ ሁላችንም እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ለሦስት ነው የምንለብሰው። አክሽን ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ ግማሹን ከራሱ እየጨመረ ያስተረጉምልን ነበር። ሚስተር ቢን ሲገባ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም። ሰውየው አያወራም። እንግሊዝኛ የማይችለው አባባና እንግሊዝኛ የተማረው ወንድሜ እኩል፣ በአንድ ጊዜ ይስቃሉ።

አንዱ ክፍል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ልደቱ ነው። ብቻውን ምግብ ቤት ይገባል። ለራሱ የጻፈውን የልደት ካርድ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ፣ ገና አሁን እንዳየው ሆኖ ይከፍተዋል። ከዚያ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያዘዘው ምግብ ይመጣል፤ የተፈጨ ጥሬ ሥጋ! አንዴ ይጎርስና ፊቱ ይለዋወጣል። መብላት አይችል፣ መተው ያፍራል። ስለዚህ መደበቅ ይጀምራል። ሰናፍጩ ዕቃ ውስጥ፣ አበባ ማስቀመጫው ውስጥ፣ ዳቦውን ቦርቡሮ ዳቦው ውስጥ፣ ስኳሩ ውስጥ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳ ውስጥ። ቫዮሊን የሚጫወተው ሰውዬ ሱሪ ውስጥ ሳይቀር!

አባባ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ረስቶት መጥቶ ነበር። «ኧረ ተው! ይሄን የመሰለ ክትፎ ይጣላል?» እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መጨረሻ ላይ ሌላ ሙሉ ሳህን ሲያመጡለትማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደል፣ ሱሪውን እያየ «ሁለት ጣት ያጥረዋል፣ አምጣው ላስረዝምልህ» ይለው ነበር።

እና ሁለት ነገር እርዱኝ። ይህ ክፍል የትኛው ነው? ከሚስተር ቢን ሌላስ ሳይሰሙ የሚስቁበት የድሮ የእንግሊዝ ኮሜዲ አለ?

መልስ፦ የሮቢቱ

እህቴ አብሽሪ፣ በቀላሉ ታገኚዋለሽ። «ዘ ሪተርን ኦቭ ሚስተር ቢን» የሚለው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው። ዩቲዩብ ላይ በዚህ ስም ፈልጊው። የመጀመሪያው ክፍል በዚያው ዓመት ጃንዋሪ 1 ቀን ነው በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው።

እኛ ብዙ መቶ ክፍል ያለው ይመስለናል እንጂ ከነትወናው የተሠራው 15 ክፍል ብቻ ነው። ካርቱኑ ሌላ ነው። ካርቱኑን ልጆች ይዩት፤ ለአባትሽ ግን ሰውየውን ራሱን አሳያቸው። ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በቅንድቡ የሚሠራውን፣ ሥዕል አይሠራውም።

ሰውየው ኦክስፎርድ ድረስ ሄዶ ኤሌክትሪክ ምህንድስና የተማረ መሆኑን ሳውቅ አልገረመኝም። እያንዳንዱ ቀልድ እንደ ማሽን ተለክቶ ነው የሚገጣጠመው። በልጅነቱ ይንተባተብ እንደነበርም አንብቤያለሁ። ያለ ቃል ዓለምን ሁሉ ያሳቀ ሰው ቃል ያስቸግረው እንደነበር ማወቄ የበለጠ እንድወደው አደረገኝ።

እኔ የማልረሳው ቤተ ክርስቲያን የገባበትን ነው። መዝሙሩን አያውቀውም፣ መጽሐፉም የለውም። ዝም ብሎ ቆይቶ «ሃሌ ሉያ» የምትለዋ ስትመጣ ብቻ በሙሉ ድምፁ ይለቀዋል። አያቴ ነፍሷን ይማረውና ከእንግሊዝኛው ሁሉ የገባቻት ያቺ ቃል ነበረች። እሷም አብራው ትል ነበር፣ ከልቧ።

አባትሽ ልብስ ሰፊ ነበሩ ካልሽ ደግሞ መናፈሻ ወንበር ላይ ሳንድዊች የሚሠራበትን እንዳትዘይው። «ዘ ከርስ ኦቭ ሚስተር ቢን» ውስጥ ነው። ምክንያቱን አልነግርሽም፣ ስታዪው ይገባሻል።

መልስ፦ የቦርከና እንግዳ ተቀባይ (ኮምቦልቻ)

እኔ ኮምቦልቻ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ እንግዳ መቀበያው ላይ። የእኔ ምርጥ «ፎልቲ ታወርስ» ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን በስልኬ ከነጽሑፉ አየዋለሁ። ጆን ክሊዝ ከኮኒ ቡዝ ጋር ሆኖ ነው የጻፈው። ስድስቱ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1975፣ ስድስቱ በ1979 ታየ፣ በቃ። 12 ብቻ። እኔ 12ቱንም በቃሌ ነው የማውቃቸው።

ባለሆቴሉ ባዚል እንግዳ የሚጠላ ሰው ነው። አስተናጋጁ ማኑዌል ከባርሴሎና መጥቶ እንግሊዝኛ ገና አልያዘም። እኔ ግን ዓይኔን የማልነቅለው ከፖሊ ነው። ሁሉም ሲተራመስ ሳህን የምታነሳው፣ እንግዳ የምታረጋጋው፣ የባዚልን ውሸት የምትሸፍነው እሷ ናት። የሆቴል ሥራ የሠራ ሰው ፖሊን ያውቃታል። ኮኒ ቡዝ ራሷ ናት የተጫወተቻት።

ለአባባ ግን አይሆንም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ንግግሩ ካልተሰማ ግማሹ ይጠፋል። አንድ ቦታ ብቻ አሳያቸው፦ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞበት ባዚል ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ መጥቶ የሚገርፈውን። ሐረጎ ዳገት ላይ መኪና የተበላሸበት ሰው ሁሉ ያንን ያለ ትርጉም ይረዳዋል።

አባባን ሳሚልኝ።

መልስ፦ መምህር (ደሴ)

ልጄ፣ ወደ ኋላ ሂጂ። ቻርሊ ቻፕሊን ሥራውን የሠራው አሜሪካ ይሁን እንጂ ልጅነቱ የለንደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ተወለደ፤ ገና በሰባት ዓመቱ ድሆች በሚጠለሉበት ቤት የገባ ልጅ ነበር። ረሃብን ያውቀዋል። «ዘ ጎልድ ረሽ» የሚለውን የ1925 ፊልም ለአባትሽ ክፈቺላቸው። ከበረዶው የተነሣ የሚበላ ሲያጣ ጫማውን ቀቅሎ ያቀርባል። ክሩን እንደ ፓስታ በሹካ እየጠቀለለ፣ ሚስማሩን እንደ አጥንት እየመጠጠ ይበላል። ለቀረጻው ጫማው ከጣፋጭ ነበር የተሠራው። አበላሉን ስታዪ ግን ይህን ትረሺዋለሽ፤ ትሥቂያለሽ፣ ሆድሽም ይባባል።

ስታን ሎሬልም አለ፣ ያ ቀጭኑ፣ ከወፍራሙ ጋር የሚሠራው። እሱም እንግሊዛዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ከቻፕሊን ጋር በአንድ ቡድን፣ በአንድ መርከብ ነው አሜሪካ የሄዱት። ሁለቱም ገና አይታወቁም ነበር። ያቺን መርከብ ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

«ማይንድ ዩር ላንጉጅ»ን የሚጠቁምሽ ይኖራል። እኔም በወጣትነቴ ስቄበታለሁ። ነገር ግን ሳቁ በሰው አነጋገር ላይ ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ለተማሪዎቼ አላሳየውም፤ ልጅ አንዴ ከተሳቀበት አፉን አይከፍትም። ቤኒ ሂልም ያለ ንግግር ይሄዳል፣ ግን ልጅና አዛውንት በተቀመጡበት የሚከፈት አይደለም። አደራ።

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አየነው።

መጀመሪያ የምግብ ቤቱን ከፈትኩ። አባባ ገና ሳህኑ ሲመጣ «ክትፎው!» አለ። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አልረሳውም። እናቴ ቡናውን ረከቦቱ ላይ ትታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ቀጥሎ የመናፈሻውን። የሮቢቱ፣ አሁን ገባኝ! ሚስተር ቢን ከኮቱ ውስጥ ዳቦ ያወጣል፣ ከዚያ መቀስ ያወጣል፣ ዳቦውን በመቀስ መቁረጥ ይጀምራል። አባባ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ኧረ መቀሱን! መቀሱን ገደለው!» ብሎ ጮኸ። የሚጮኸው ራሱን ስለማይሰማ ነው። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ሰውየው ቅቤውን በባንክ ካርድ ይቀባል፣ ሰላጣውን አጥቦ ካልሲ ውስጥ ከትቶ ያሽከረክራል፣ ቁንዶ በርበሬውን በመሀረብ ጠቅልሎ በጫማ ይወቅጣል። ይህን ሁሉ አባባ በሳቅ አለፈው። መቀሱን ግን አልማረውም። መጨረሻ ላይ አስነጥሶት ሁሉም ነገር ሲበላሽበትና አጠገቡ ያለው ሰውዬ ከራሱ ሳንድዊች ሲያካፍለው «ይሄ ሰው የሰው ልጅ ነው» አለ።

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ላይ የሲንጀሩን መሳቢያ ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን መቀስ አወጣ። አምባሻውን በአንድ እጁ፣ መቀሱን በአንድ እጁ ያዘ። ዓይኑን አፍጥጦ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ልጆቼን አየ። አልቆረጠም። ልጆቹ ሻያቸውን ደፉ። እሱም የሳቃቸውን ድምፅ ባይሰማም አፋቸውን እያየ አብሮ ሳቀ፤ ዘንድሮ ግን ያሳቃቸው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

መምህር፣ የጫማውን ለቅዳሜ ይዘነዋል። ጎረቤታችንንም ጠርተናቸዋል፣ ባለ ዴኳን።